የመርሳው አባ ደወል

መምህር ዘውዱ ወንበሩን በእግሩ ገፍትሮ ተነሣ።

«አጥፋው!» አለ። «አጥፋው አልኩህ ሓበን፣ ሳልተፋበት አጥፋው!»

ሓበን አላጠፋውም። ወልድያ መናኸሪያ ጀርባ፣ አባቱ ድሮ ጨርቅ ይሸጡባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ በፍላሽ ፊልም እየጫነ የሚሸጥ ወጣት ነው፤ ደንበኛ ሲቆጣ ማየት ለምዷል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሽማግሌ እየሞተ ነበር። ሞቱ አራት ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ ቀኝ እጁ ከትከሻው ተቆርጦ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ተገለባበጠ። ቀጥሎ ደሙ እንደተበሳ የፓምፕ ጎማ ተንፎለፎለ። ከዚያ ሽማግሌው፣ በገላው አንዲት ጠብታ ሊቀር በማይችልበት ሰዓት፣ ስለ ተስፋ፣ ስለ ወዳጅነትና ስለማይበገር ልብ ንግግር ማድረግ ጀመረ። ከበስተጀርባው ሙዚቃው ያለቅሳል። ተማሪው ሪኩ ይጮኻል፤ ዓይኑ የሻይ ሰሃን ያክላል፤ ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ ጣሳ እንባ ይወርዳል።

ዘውዱን ምራቁ መረረው። 

ሽማግሌው አባ ደወል ነው። ጃፓኖቹ ያወጡለት ስም ኦሳሙ ነበር፤ አባ ደወል ያለው ከወልድያ በታች ያለችው የመርሳ ከተማ ሕዝብ ነው። ጉም በማይለየው ተራራማ አገር ውስጥ፣ መንገደኛ ገደል እንዳይገባ በየማዕዘኑ የሚሰቀል ደወል መዳብ እያቀለጠ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት ክረምት መርሳ ያየችው ካርቱን እሱ ነበር። አሁን፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ጃፓኖቹ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ሠርተው አወጡት። ዘውዱ እስካሁን የወጡትን አሥራ አንዱንም ክፍል በሦስት ቀን አየ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ጥርሱን ነከሰ። በመጀመሪያው ሥራ መዳብ ሲቀልጥ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ቃል አይነገርም ነበር፤ በአዲሱ መዳቡ በከበሮ ታጅቦ በሃያ ሴኮንድ ቀለጠ። ከሰል ተሸክማ የምትመጣው ጥርስ የለሽ አሮጊት በአዲሱ ጡቷ ከልብሷ የሚያመልጥ ልጃገረድ ሆናለች። ደወሉ ራሱ ቦምብ ሆኗል፤ ይወረወራል፣ ይፈነዳል። የመንገደኛ መሪ የነበረውን ነገር ሰው መግደያ አድርገውት ሲያበቁ፣ በማስታወቂያው ላይ «የዘመነ» ብለው ጽፈውበታል።

«ምን አደረገዎት መምህር?» አለ ሓበን። «ሞት እኮ ነው። ሰው ይሞታል።»

«አባ ደወል አይሞትም! በመጀመሪያው አይሞትም። ድልድዩን ተሻግሮ ይሄዳል። እነዚህ አራጆች ናቸው የገደሉት።»

«በመጀመሪያውም ይሞታል። እዚሁ አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ። ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ።»

«በዘጠና ሁለት ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ስምንት።»

«እኔ አሥራ ሰባት። አንተ ንፍጥህን በእጅጌህ ስትጠርግ እኔ የአብዱልሐሊም ቪዲዮ ቤት ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ። በዓይኔ! አንተ አነበብክ፤ እኔ አየሁ።»

ፍላሻቸውን ሊያስጭኑ የቆሙ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። አንደኛው «መምህር፣ ቢሞትስ?» አለ።

እዚህ ላይ ነው ዘውዱ የተናገረው። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት፣ የወልድያ ወጣቶች የንባብ ማኅበር ባዘጋጀው መድረክ ላይ ስለሁለቱ ሥራዎች የጻፈውን ሙግት ሊያነብ ቀን ተቆርጦለታል። ጣቱን ሓበን አፍንጫ ላይ ቀስሮ፣ «አባ ደወል በመጀመሪያው ሞቶ ካገኘህልኝ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ሕዝብ ፊት፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ጽሑፌን ሳላነብ እወርዳለሁ!» አለ።

«ምስክር ናችሁ፣» አለ ሓበን ለባጃጅ ሾፌሮቹ። በዚያው ዕለት ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ ሳይመሽ ሁለት መቶ ሰው ወደደው።

ዘውዱ መርሳ ላይ አማርኛ ያስተምራል። ቤት የለው፣ መሬት የለው፣ ሚስትም ገና የለው። ያለው ቃሉ ነው። የርእሰ መምህሩ የእህት ልጅ ድርሰት ገልብጦ ሲመጣ ዜሮ ሰጥቶ፣ «ዜሮም የሰጠሁት ከዚያ በታች ቁጥር ስላጣሁ ነው» ያለ ሰው ነው። ስለዚህ መርሳ ውስጥ ሁለት ሰው ሲከራከር «መምህር ዘውዱን እንጠይቀው» ይባላል። ይሰድባቸዋል፤ ግን አይዋሻቸውም። ያን ቀን ከሓበን ሱቅ ሲወጣ ያስያዘው ይህንኑ ስሙን ነበር፤ ምንም አልሰጋም። ያየውን ያውቃላ!

ጽሑፉ አሥራ ሦስት ገጽ ነበር። አዲሱን ሥራ እንደ በግ ገፍፎ፣ ቆዳውን ለፀሐይ አስጥቶታል። የጽሑፉ ዋልታ ግን ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለው ትዝታ ነው። አብዱልሐሊም ጅዳ ያለች እህቱ በአረብኛ የተተረጎመውን ካርቱን በካሴት ቀድታ ትልክለታለች። ኑርሁሴን የሚባል አረብኛ ጠንቅቆ የተማረ የመስጊድ ደረሳ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ይቆምና፣ አረብኛውን እየሰማ ባማርኛ ይነግራል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ተመልካቹ ሸንኮራ ይመጥጣል። ያ ሕዝብ ዝም የሚል ሕዝብ አልነበረም። ካሴት ማጫወቻው ዴክ ለአንዲት ደቂቃ ከቆመ ያፏጫል፤ ሁለት ደቂቃ ከቆመ «ብራችንን!» እያለ ቆርቆሮውን በድንጋይ ይደበድባል። ስክሪኑ ላይ ሰው ከሞተ ደግሞ ግማሹ «ኢና ሊላሂ» ግማሹ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ካርቱን ነው ቢሉት አይሰማም። የክፉው ንጉሥ ፈረስ ገደል ሲገባ እንኳ ነፍስ ይማር ተብሎለታል።

አሥራ አንደኛው ክፍል የታየ ቀን፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አባ ደወል ጀርባውን ለተመልካቹ ሰጥቶ፣ አንዲት ትንሽ ደወል በእጁ ይዞ የእንጨቱን ድልድይ መሻገር ጀመረ። ጉሙ እግሩን ዋጠው፣ ወገቡን ዋጠው፣ ራሱን ዋጠው። ደወሏ ሦስት ጊዜ ተሰማች፤ ከዚያ አልተሰማችም። የአረቡ ተራኪ አንድ ነገር ተናገረ። ኑርሁሴን ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባ ደወል ተሻገረ፣» አለ። «ማዶ ደወል የሌለው አገር አለ፤ ለእነሱ ሊሠራላቸው ሄደ። ሥራው ብዙ ነው። ይቆያል።» ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። «ዴኩ ጋለ፤ ለዛሬ ይብቃን» ተባለ።

«ማንም አላፏጨም፤» ብሎ ጽፏል ዘውዱ። «ማንም ብሬን አላለም። አንድ መቶ ሃምሳ ሰው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያንና እንደ መስጊድ፣ ኮቴውን ሳያሰማ አንድ በአንድ ወጣ። ጥበብ ማለት ይህ ነው። የመርሳን ቪዲዮ ቤት ዝም ያሰኘ ሥራ፣ ደም በመርጨት ጭብጨባ የሚለምን ሥራ አይደለም።» ይህን ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ ራሱ ወዶት ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦታል።

ያልጻፈው ነገር አለ። በማግስቱ ሲነጋ የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው፣ ሽማግሎች ወደ ቤታቸው መጡ፤ ወንድሙ አለሙ ጦር ግንባር ላይ መሞቱን አረዱ። ዘውዱ እስከ አርባው ከእናቱ አጠገብ አልተነሣም። ከአርባው በኋላ ካርቱኑ አልቋል፤ ካሴቶቹም ወደ ቆቦ ተሸጠዋል። የቀረውን ማንንም አልጠየቀም። ምን ይጠይቃል? አባ ደወል ተሻግሯል። ከዚያ ክረምት ሳይበላሽ የተረፈለት አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ እጁን ቆርጠው፣ ደሙን አንፎልፍለው አመጡለት። የሚያንገሸግሸው ይህ ነበር።

ንባቡ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሓበን ደወለ። «የመጀመሪያው መጣልኝ መምህር። ዘጠኝ ቀን ነው ያወረድኩት፤ ኔትወርኩ አንጀቴን በላው።»

ዘውዱ ከሰዓት ክፍል አልነበረውም፤ በሚኒባስ በረረ። ሓበን በሩን ገርበብ አድርጎ አሥራ አንደኛውን ክፍል ከፈተ። ድምፁ ጃፓንኛ ነው፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ መስመሩ በሽማግሌ እጅ የተሣለ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ዘውዱ ደረቱን ነፋ። መዳቡ መቅለጥ ጀመረ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። አሮጊቷ ከሰሏን አውርዳ ወገቧን ያዘች። ሓበን ስልኩን ሊነካካ አውጥቶ ሳይነካካው መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ቆንጆ ነው እኮ፣» አለ ቀስ ብሎ።

«አላልኩህም? አላልኩህም አንተ!»

ድልድዩ መጣ። ጀርባው፣ ጉሙ፣ ሦስቱ የደወል ድምፅ። ሁሉም እንዳለ ነው፤ አንዲት ነገር አልጎደለችም። ዘውዱ ፊቱን ወደ ሓበን አዞረ፣ ሊፎክርበት። ሓበን ግን ስክሪኑን እያየ ነበር። ተራኪው አጭር ነገር ተናገረ፤ ከሥሩ ጽሑፉ ወጣ። ኦሳሙ ድልድዩን አልተሻገረም፤ ሲነጋ አገኙት፣ ይላል። ቀጥሎ ትኩስ አፈር የተቆለለበት መቃብር ታየ፤ ሪኩ አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

«ማን ነው ይህን የጻፈው?» አለ ዘውዱ።

«እኔ አይደለሁም መምህር።»

«ተርጓሚው ነው! አሜሪካኖቹ ናቸው ያበላሹት!»

«መቃብሩንም ተርጓሚው ሣለው?»

ዘውዱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «መልሰው» አለ። ሓበን መለሰው። አራት ጊዜ አዩት። በአራተኛው ዘውዱ ያየው ጽሑፉን ሳይሆን ከስክሪኑ ሥር የሚቆጥረውን ሰዓት ነበር። መርሳ ላይ ዴኩ የጋለው መቃብሩ ከመታየቱ አንዲት ሴኮንድ በፊት ነው።

ሓበን አልሳቀበትም። «እሑድስ ምን ይሻላል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ዘውዱ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍም፣ መርሳ ሲወርድም ዘውዱ ለማንም ሰላምታ አልሰጠም። ኑርሁሴን ማይኩን ካስቀመጠ ቆይቷል። አሁን ከዋናው መንገድ ዳር የገበሬ የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሸበት ጀማምሮታል። ዘውዱ የተፈታታ ሞተር ተራምዶ ፊቱ ቆመ።

«አረብኛ ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

«ወዓለይኩም ሰላም፣» አለ ኑርሁሴን ቀና ሳይል። «እኛም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ልጆቹም ደህና ናቸው።»

«አሥራ አንደኛው ክፍል። ድልድዩ። አረቡ ምን ነበር ያለው?»

ኑርሁሴን መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ጣት በጣት ጠረገ። «አገኘኸው?» አለ።

«ሞቷል! ሲነጋ አገኙት ነው የሚለው! አንተ ማዶ ሄደ አልከኝ። ደወል ሊሠራ ሄደ፣ ይቆያል፣ ሥራው ብዙ ነው። ከየት አመጣኸው? ማን ፈቀደልህ?»

«ቅሬው።»

«የምን ቅሬ?»

«የኛው ነዋ! ስንት ቅሬ አለን?» ኑርሁሴን በርሜል ገልብጦ አቀረበለት። «ቁጭ በል ዘውዴ። ቆመህ የምትሰማው አይደለም።»

ዘውዱ አልተቀመጠም።

«ያን ቀን ረፋድ ላይ የአለሙ ጓደኛ ቆስሎ፣ እጁ በፋሻ ታስሮ ከግንባር ደረሰ። በቀጥታ የቅሬው መሪ ሼህ አማን ቤት ገባ። ሽማግሎቹ ተሰበሰቡ። የእናትህ የእትዬ ሙሉ ወንድሞች ግራና ከተማ ናቸው፤ እነሱ ሳይደርሱ ለእሳቸው አይነገርም ተባለ። መርዶው ለንጋት ተቀጠረ። አንተ ግን እግርህ አያርፍም፤ ገበያ ለገበያ ትዞራለህ፤ አንዱ ሞኝ አግኝቶ 'እግዜር ያጥናህ' ቢልህስ? 'ኑርሁሴን፣ እስኪመሽ ያዘው' አሉኝ። ያዝኩህ። በቀን ሁለት ካሴት ይታይ የነበረውን ያን ቀን አራት ያሳየሁት ላንተ ብዬ ነበር።»

«ሰዉስ?» ዘውዱ ድምፁ ወረደ። «ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰውስ?»

«ያላወቀ ማን ነበር? ካንተ በቀር ያላወቀ ማን ነበር?»

አንድ አዛውንት ገበሬ የፓምፕ ጎማ ተሸክመው መጡ። ኑርሁሴን «አፉ ይበሉኝ አባቴ፣ ትንሽ ቆይተው ይምጡ» ብሎ መለሳቸው።

«እሺ ያውቁ! ግን ካርቱን ነው እኮ ኑሬ! አንድ የካርቱን ሽማግሌ ሞተ ብትል ምን ትሆናለህ? እኔስ ምን እሆናለሁ?»

«ሕዝቡን ታውቀው የለም? ለፈረስ ነፍስ ይማር የሚል ሕዝብ ነው። እኔ በማይክ 'ሞተ፤ ሲነጋ አገኙት' ብል፣ ያ ሁሉ ሰው ወዴት የሚዞር ይመስልሃል? ወደ ቴሌቪዥኑ?» ኑርሁሴን ራሱን ነቀነቀ። «መቶ ሃምሳ ሰው ዞሮ ሲያይህ ይታየኝ ነበር። በማይክሮፎን መርዶ ይነገራል እንዴ? እኔስ ድምፄ ይወጣ ነበር? አለሙ እኮ የኔም ጓደኛ ነበር። ያመጣልኝን ተናገርኩና ገመዱን ነቀልኩት። ዴክ የሚባል ነገር አልጋለም።»

ዘውዱ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ጥያቄ ነበረው፤ መልሱን እያወቀ ጠየቀ።

«አላፏጩም።»

«እ?»

«ዴኩ ሲቆም። ማንም አላፏጨም።»

«ለቅሶ ያለበት ሰው ፊት ማን ያፏጫል?» አለ ኑርሁሴን ገርሞት። «እንኳን እነሱ፣ ያ እብዱ ሸንኮራ ሻጭ እንኳ ቆርቆሮውን እንዳይነካ እጁን በእጁ ይዞ ነው የወጣው።»

ስድስተኛው ገጽ። እንደ ቤተ ክርስቲያንና እንደ መስጊድ። ጥበብ ማለት ይህ ነው። ዘውዱ ያን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበቡ ትዝ አለው። ሰሞኑን ሁሉ በጃፓኖቹ ሲቀፈው የከረመው ነገር አሁን ኪሱ ውስጥ ካለው ወረቀት ይሸተው ጀመር። ሕዝቡ ለእሱ አዝኖ ትንፋሹን ውጦ ቢወጣለት፣ እሱ ያን ትንፋሽ ለቅሞ ስለ ሥዕል ትንታኔ ሠራበት። ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግ ዘውዱ ስሙን እየጠራ አሥራ ሦስት ገጽ ይጽፍበት ነበር።

ወዲያው ደግሞ ተቆጣ፤ ቁጣ ይቀርበዋል። «አሥራ አራት ዓመት! አሥራ አራት ዓመት ምነው አልነገርከኝም?»

«ጠየቅከኝ እንዴ?»

«በየሳምንቱ ስለ አባ ደወል ሳወራ እዚህ ቁጭ ብለህ ትሰማ አልነበር?»

«አንተ ስታወራ መሃል የገባ ሰው አውቃለሁ? አሳየኝ አንድ ሰው።» ኑርሁሴን ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታውን ተወው። «ስትናገረው ደግሞ ደስ ይልህ ነበር። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ፊትህ ይበራል። የቱ ላይ ላቋርጥህ?»

ዘውዱ ስለ እሑዱ፣ ስለ መሓላው፣ ስለ ሓበን ነገረው።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል? አብሽር! እኔ እመጣለሁ» አለ ኑርሁሴን። «እንዲህ ነበር ብዬ ልንገራቸው። ውሸቱ የኔ ነው፤ አንተ የሰማኸውን ነው የተናገርከው። ማን ይስቅብሃል?»

«አትመጣም።»

«እመጣለሁ!»

«ከመጣህ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም።»

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ ለንባብ ሳይሆን ለመሓላው። መድረክ የምትመራው የማኅበሩ ጸሐፊ ሜሮን ናት፤ ማይኩን አስተካክላ «መምህር ዘውዱ» ብላ ጠራችው። ሓበን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ እንደ አሸናፊ ግን አልተቀመጠም፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ጥሏል።

ዘውዱ ማይኩ ፊት ቆሞ ሕዝቡን አየ። ሁለት መቶ ያህል ወጣት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ማድረግ የሚገባውን እዚያ እስኪደርስ አልቆረጠም ነበር። ታሪኩን ቢነግራቸው እንደሚያሸንፍ ያውቃል። ሐምሌን፣ የአለሙ ጓደኛ እጁ በፋሻ ታስሮ መድረሱን፣ ነቅቶ የጠበቀውን ሕዝብ፣ ንጋት ላይ በር የመቱትን ሽማግሎች አንድ በአንድ ቢያወርድላቸው፣ አንዲት ዓይን ሳታነባ አትቀርም። መሓላውም ይረሳል፤ ስሙም ይነሣል። እንዴት እንደሚነግራቸው እንኳ ታየው፤ የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል። «ወንድሜ» በሚለው ቃል እንደሚጀምርም አወቀ።

ያን ጊዜ ያ የተቆረጠ እጅ ታየው፤ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ሲገለባበጥ። ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ንግግር፣ ያ የሚያለቅስ ሙዚቃ። አለሙን እዚህ አምጥቶ ሊቆርጠው ነው። ቀፈፈው። እጁ የነካውን ነገር ልብሱ ላይ እንደሚጠርግ ሰው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አባ ደወል በመጀመሪያውም ይሞታል፣» አለ። «ተሳስቻለሁ። ጽሑፌን አላነብም።»

አዳራሹ መጀመሪያ አላመነውም። ቀጥሎ ከኋላ አንዱ «አይሞትም!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«በዓይኔ አይቻለሁ ብለው አልነበር?»

«መምህር፣ ዓይንዎን ይታዩ!»

«ስለዚህ አዲሱ ይሻላል ማለት ነው?» አለ ፊት ያለ መነጽራም ልጅ።

«አይሻልም!» ዘውዱ ማይኩ እስኪጮኽ ተቆጣ። «አዲሱ ቆሻሻ ነው! ትናንትም ቆሻሻ ነበር፣ አሁንም ቆሻሻ ነው!»

«ማስረጃ?»

«በመጀመሪያው ሲሞት አይታይም።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሳቁ ባሰ። በዚህ መሃል ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ። የጁምዓ ልብሱን ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው የሞተር ዘይት ግን አልለቀቀውም። «ይቅርታ ያ ጀማዐ፣» አለ ኑርሁሴን። «እኔ የመርሳው አስተርጓሚ ነኝ። መምህሩ አልተሳሳተም። ነገሩ እንዴት ነበር መሰላችሁ፣ ያን ቀን…»

«ቁጭ በል ኑሬ!»

«አንድ ቃል ልናገርና…»

«ማንም አልጠራህም! ቁጭ በል!»

«ይናገሩ እንጂ መምህር፣» አለች ሜሮን። «እንስማቸው።»

«የሚናገረው የለም።» ዘውዱ ማይኩን በመዳፉ ሸፈነው፤ ድምፁ ግን ከኋላ ረድፍ ተሰማ። «በአላህ ይዤሃለሁ ኑሬ። ቁጭ በል።»

 ወዲህ ሰው ይስቃል፣ ወዲያ ሰው «ይናገር!» ይላል። ኑርሁሴን ዘውዱን አተኩሮ አየው። ከዚያ የልብሱን ጫፍ ሰብስቦ ተቀመጠ።

ዘውዱ ከመድረክ ወረደ። ሓበን በሩ ላይ ደረሰበትና ክንዱን ያዘው። «ሰውየው ምን ሊል ነበር?» አለ። «የሆነ ነገር አለ አይደል? ብትነግሩን ኖሮ…» ዘውዱ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ያንን የመጀመሪያውን አታጥፋው፣» አለው። «አዲሱን ሊጭን የመጣ ሁሉ እሱንም ይጫን።»

በሚኒባሱ ከኑርሁሴን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ መርሳ ሄዱ። ኑርሁሴን አንዴ ብቻ «ደነዝ ነህ፣ ወላሂ» አለ። 

ፌስቡክ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ሰኞ ጠዋት ዘውዱ አሥረኛ ቢ ሲገባ ስድሳ ሁለት ተማሪ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀው። ሰሌዳው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «አይሞትም» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ባነሰ ነገር አንድ ረድፍ ሙሉ ከክፍል አስወጥቶ ያውቃል። የኋላዎቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ለመውጣት ተዘጋጅተው ነበር።

ዘውዱ ዳስተሩን አነሣ። ቃሉን ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ ዳስተሩን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ከቃሉ ሥር በቀረችው ጠባብ ቦታ ቀኑንና የትምህርቱን ርእስ በትንንሽ ፊደል መጻፍ ጀመረ።

የክፍል አለቃዋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ላጥፋው?»

«ተይው፣» አለ። «ደብተር አውጡ።»